በአጋዘኗ ቦታ

ሠዓሊው አሳሄል ብሪንክ ገበያውን አሳምሮ ያውቅ ነበር። ፀሐይ ስትበረታ የካትስኪልን ተራሮች እየዞረ በእርሳስ ይነድፋል፤ በረዶ ሲጥል ኒውዮርክ ገብቶ ንድፉን በቀለም ይሠራዋል። የከተማ ሀብታሞች የሚፈልጉት የሰው እጅ ያልነካው ዱር ነው። ስለዚህ ጉቶውን ዛፍ፣ ቤቱን ቋጥኝ ያደርገዋል። ሰው በነበረበት ቦታ አጋዘን ያቆማል። የሙያ ጓደኞቹም እንዲሁ ስለሚያደርጉ ማንም ውሸት ነው አላለውም።

ደግሞ ያ ዘመን እንዴት ደስ ይል ነበር! ማለዳ እዚያው ተራሮች መካከል ካለው የእናታቸው ቤት በላይ፣ ጉብታ ላይ ተቀምጦ ይነድፋል። ታች እህቱ ኬዛያ ልብስ ታሰጣለች፤ የበቆሎ ቂጣው ሽታ እሱ ዘንድ ይደርሳል።

"አንተ ሰነፍ፣ ቁርስህ ቀዘቀዘ!"

"አትንቀሳቀሺ!" ይላታል።

አሁን ሁለቱም አርጅተዋል። ቤቱም ለባቡር ሐዲድ ሲባል ፈርሷል። ኬዛያ ኦሃዮ ያለው ልጇ ዘንድ ጠቅልላ ልትሄድ ስትል፣ ወንድሟን ልትሰናበት ኒውዮርክ መጣች።

"ቤታችን ያለበት አንድ ሥዕል ስጠኝ" አለችው። "የእናታችንን ደጅ ሳላየው መሞት አልፈልግም።"

አሳሄል ግድግዳው ላይ ወደተሰቀሉት ሥዕሎቹ ዞረ። ቤታቸው ከነበረበት ሸለቆ ሥዕሎች ያልተሸጠ አንድ ብቻ ነበር። እየፈራ አወረደላት። እሷም መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች።

"ቤቱ የታለ?"

"እ... ቋጥኙ ነው።"

"እኔስ? እዚህ ጋ አልነበር የማሰጣው?"

ጣቱን ወደ አጋዘኗ ቀሰረ።

"ወይ ጉዴ! አጋዘን አደረግከኝ? ያን ሁሉ ዓመት ያበላችህ አጋዘን ናት?"

ከት ብላ ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋ ተቋረጠና መነጽሯን አወለቀች። "እንግዲህ እኔም ቤቱም አልነበርንም ማለት ነው" አለች።

አንጀቱን በላችው። ቢላ አንስቶ አጋዘኗንም ቋጥኙንም ፋቃቸው። ቤቱን ለመሥራት አልተቸገረም፤ የተሰነጠቀችው መስኮት እንኳን አልጠፋችውም። የእህቱ መልክ ግን አልመጣልህ አለው። ያኔ እሷን ሲያይ የሚያስበው በቦታዋ ስለሚያቆማት አጋዘን ነበር።

"እስቲ ቁሚልኝ" አላት።

ኬዛያ ከአልጋው ላይ አንሶላ ገፍፋ፣ እንደምታሰጣ ሁሉ ክንዶቿን ሰቅላ ቆመች።

"ክንዴ ዛለ፣ አንተ ሽማግሌ!"

"አትንቀሳቀሺ!"

ሲጨርስ ጠጋ ብላ አየች። "ፀጉሬን ነጭ አድርገህብኛል።"

"የማየው እሱን ነው። ላጥቁረው?"

"ተወው" አለች ዓይኗን እየጠረገች። "ገና ዛሬ ነው ያየኸኝ።"