ካሽ ላይ የቀረው ምርቃት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አቶ ታደለ ካሜራ አላስነኩኝም። ቃሊቲ ባለው ፎቶ ቤታቸው ካሴት ላይ የሙሽሮች ስም ሲያስለጥፉኝ ዋሉ። አንዱን አሳስቼ ብለጥፍ፣ «የሰው ሚስት ለሌላ ልትድር ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ሠርግ መቅረጽን የተማርኩት እንዲህ እየተሳቀብኝ ነው።

ከዓመታት በኋላ ካሴት ቀረ፣ እሳቸውም ፎቶ ቤቱን ዘጉ። እኔ ገላን ኮንዶሚኒየም ቤቴ ሆኜ ቀጠልኩ። ፊልሙ ሲበዛብኝ ጎረቤቴ ሰናይት፣ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፣ የማከማቻ ሰርቨር ገጣጠመችልኝ። ሁለት ትልልቅ ዲስኮች አሉት፤ አንዱ የሌላውን ቅጂ ይይዛል። ሦስተኛዋ ትንሽ ናት፣ ግን ፈጣን። ካሽ ይሏታል።

«ጋሼ፣ ይቺ መቀበያ ናት» አለችኝ። «ከካሜራ የመጣው እሷ ላይ ያርፍና ማለዳ ማለዳ ወደ ትልልቆቹ ይዛወራል። እስኪዛወር ሌላ ቅጂ የለውም። የካሜራውን ካርድ እንዳያጠፉ።»

«ገባኝ» አልኳት። ደግሞም ገብቶኝ ነበር።

እየዋለ እያደረ ግን ካሽ ላይ ያለ ፊልም ስቆርጠውና ስቀጥለው እንደማይንቀረፈፍ አየሁ። ሥራው እስኪያልቅ እዚያው ይቆይ ብዬ ማዛወሩን አቆምኩት።

የዘምዘምን ሠርግ የቀረጽኩት ያን ሰሞን ነው። አባቷ አቶ ይማም፣ የወሎ ሰው፣ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ልጃቸውን ሲመርቁ ድንኳኑ ሙሉ «አሚን» ይል ነበር። ፊልሙን ካሽዋ ላይ ገለበጥኩና፣ ለእሑድ ሌላ ሠርግ ስለነበረብኝ ካርዱ ላይ ያለውን አጠፋሁ።

ፊልሙን ሳላስረክብ መብራት ሄዶ መጣ። ካሽዋ አልነሳም አለች። ሰናይት ነካክታ ነካክታ፣

«ማዛወሩን ማን አቆመው?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«በቃ፣ ያለው አይወጣም» ብላ ዲስኳን ነቅላ ሰጠችኝ።

ለዘምዘም እንዴት እንደምነግራት ሳወጣ ሳወርድ ሳምንታት አለፉ። በዚህ መሀል አቶ ይማም ድንገት ታመው አረፉ። ከሐዘኑ በኋላ ዘምዘም ቤቴ መጣች።

«ጋሼ፣ ፎቶውማ አለኝ። አባቴ የመረቀኝን ብቻ ያሰሙኝ።»

የሆነውን ነገርኳት።

«ከፊቱ የቆሙት እርስዎ ነበሩ እኮ። ምን አለኝ?»

በጆሮ ማዳመጫ እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ። ልቤ የነበረው ግን ድምፁ እንዳይቆራረጥ ነው።

«አላስታውስም ልጄ» አልኳት።

ሻሿን አስተካክላ ወጣች።

አሁን ካሾቹ ሁለት ናቸው፣ አንዷ የሌላዋን ቅጂ ትይዛለች። ማዛወሩን አልነካም። ካርድ የማጠፋው ፊልሙን ከትልልቆቹ ከፍቼ ካየሁ በኋላ ነው። ካሽ ይሠራባታል እንጂ አይቀመጥባትም።