የትራክተሩ ባትሪና የእናትየዋ ካሴት

ያን ሰሞን ደክሞኝ ነበር። የሱዳን ጠረፏ የኮኪት ሙቀት፣ የሰሊጥ አጨዳው አቧራ፣ የቀበሌው ስብሰባ፣ ምኑ ቅጡ! ራዲዮ እጠግናለሁ ብዬ ዳስ ሥር ብቀመጥ፣ ሰዉ ሁሉ የሞተ ዕቃውን ተሸክሞ እኔ ላይ ይጥላል።

አንድ ቀን ከጋይንት የወረዱ እናት ካሴት ይዘው መጡ። ልጃቸው የወታደር አፈሳውን ሸሽቶ ሱዳን ከገባ ወዲህ ወሬው ጠፍቶባቸዋል። እዚያ ያሉት ልጆች ደብዳቤ አይጽፉም፤ ድምፃቸውን ካሴት ላይ ቀድተው በነጋዴ እጅ ይሰዳሉ።

«መኖሩን ከራሱ አፍ ልስማ» አሉኝ።

ቴፕ ያለው አንድ የትራክተር ሾፌር ብቻ ነበር። ሰውየው አልጨከነም፣ ይዞ መጣ። ግን የባትሪ ድንጋይ ከገበያ ጠፍቷል። የቀረን የትራክተሩ ባትሪ ነው።

«ቦዲው ኔጋቲቭ ነው፤ ሰካውና እንገላገል» አለኝ ሾፌሩ።

ለጭነት መኪና ልክ ነው። ይሄ ግን በሱዳን በኩል የገባ የእንግሊዝ አሮጌ ትራክተር ነው፤ የእነሱ ቦዲ አንዳንዴ ፖዘቲቭ ይሆናል። የባትሪው ምልክት ተበልቷል፣ ገመዶቹ ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ተሳስቼ ብሰካ ቴፑ ይቃጠላል፤ ሴትዮዋም ያን ሁሉ አገር ወርደው ሳይሰሙ ሊመለሱ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ሁሌ እኔ ጫንቃ ላይ ለምን እንደሚወድቅ አንድዬ ይወቀው።

ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨው በጠበጥኩ። የሁለቱን ገመዶች ጫፍ ልጬ፣ እንዳይነካኩ አራርቄ ነከርኳቸው። አረፋ የሚያበዛው ኔጋቲቩ ነው። አረፋው ከቦዲው በመጣው ገመድ ላይ ሳይሆን በሌላኛው ላይ ተንፈቀፈቀ።

«ኧረ ባክህ! ከእኔና ከውሃ ውሃውን ታምናለህ?» አለ ሾፌሩ።

«አዎ» አልኩት። ለክርክር አቅም አልነበረኝም።

የቴፑን የድንጋይ ማስቀመጫ ከፈትኩ። ሞላው፣ ጠምዛዛው ሽቦ፣ ያለበት በኩል ኔጋቲቭ ስለሆነ ያንን ተከትዬ ገመዶቹን አቀያየርኳቸው። እናትየዋ ዐይናቸውን ከእጄ ላይ አልነቀሉም።

ሰካሁት። አልጨሰም። ካሴቱ ዞረ።

«እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። አባዬ አጠገብሽ ካለ ጥሪውና ይስማኝ።»

ሴትዮዋ መጀመሪያ እልል ሊሉ ቃጥቷቸው ነበር። አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«አፈር ልብላልህ ልጄ፣ አባትህ እኮ በክረምት አረፈ» አሉት ቴፑን።

ልጁ ስለ ገዳሪፍ ጥጥ ለቀማ ማውራቱን ቀጠለ።

«ቆይማ፣ ቆይ እንጂ! አባትህ የለም እያልኩህ!»

ሾፌሩ ፊቱን አዞረ። እናትየዋ ወደ እኔ ዞረው ክንዴን ያዙ።

«እባክህ የኔ ልጅ፣ ገመዱን ቅድም እንዳረግኸው ገልብጠህ ሰካልኝ። አሁን ደግሞ እሱ ይስማኝ።»