ከጉድጓዱ ግርጌ የነበረው ቁልፍ

የሠፈሩ ሰው «ሃያ አራት» እያለ ይጠራዋል። የሞተር መቆጣጠሪያ ሳጥን የሚሠራ ኤሌክትሪሺያን ነው። ልጅ ሳለ አባቱ ወፍጮ ቤት ውስጥ በእርጥብ እጁ የተሰነጠቀ ማስነሻ ቁልፍ ነክቶ እዚያው ደርቆ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ፣ ሰው ጣቱን በሚያሳርፍበት ቁልፍ ከሃያ አራት ቮልት በላይ አላሳልፍም ብሎ ምሏል። ከአንዱ አገር የመጣ ማሽን ቁልፉ በመቶ አስር ይሠራል፣ ከሌላው አገር የመጣው በሁለት መቶ ሃያ። እሱ ሁሉንም ፈትቶ፣ ትንሽ ትራንስፎርመር ጨምሮ ወደ ሃያ አራት ያወርደዋል።

«ሞተሩ የፈለገውን ይጠጣ፤ ጣት ግን እሳት አይነካም» ይላል። ደንበኞቹ እየሳቁም ቢሆን ያምኑታል።

የታናሽ እህቱ ባል በአንድ ድንጋይ ማውጫ ውስጥ የፓምፕ ሠራተኛ ነበር። የማውጫው ባለቤት ከጉድጓዱ ውሃ ለመምጠጥ ከውጭ ያስመጣው አዲስ ፓምፕ ቁልፉ በመቶ አስር የሚሠራ ሆኖ ተገኘ። መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ከላይ፣ ከጉድጓዱ አፋፍ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ቁልፉ ደግሞ ታች፣ ጉድጓዱ ግርጌ።

«ጋሼ፣ እንዳለ ብንተወውስ?» አለ አማቹ። «ሽቦው ረጅም ነው፤ ሃያ አራት ከሆነ ጉልበቱ መንገድ ላይ ያልቃል ይላሉ።»

«ውሃ ውስጥ ቆመህ ነው እኮ የምትጫነው! እህቴን ጥቁር አላስለብሳትም።»

ቁልፉን ወደ ሃያ አራት አውርዶ፣ ወፍራም ሽቦ ዘርግቶ ሞከረው። ፓምፑ እምቢ ሳይል ተነሣ፤ ሁለቱም ተቃቅፈው ሳቁ። የሞከሩት ግን ድንጋይ ፈጪዎቹ ማሽኖች በቆሙበት ቀን ነበር።

ዝናቡ ሲበረታ ውሃ የጉድጓዱን ግድግዳ ሰብሮ ገባ። አማቹ ጓደኞቹን አስወጥቶ ፓምፑን ሊያስነሣ ተመለሰ። ከላይ ፈጪዎቹ ሁሉ እያጓሩ ነው፤ መብራቱን ስለሚሻሙ የመስመሩ ኃይል ወርዷል። ሳጥኑ ውስጥ ሞተሩን ከመብራት የሚያገናኘው ኮንታክተር ብርድ እንደመታው ሰው ጥርስ ተንገጫገጨ እንጂ አልያዘም።

«ኧረ ውጣ! ተወው!» ብለው ጮኹበት።

«አንዴ ብቻ! ሊይዝ ነው!» አለ። ውሃው ዋጠው፤ ከዚያ በኋላ ድምፁን የሰማ የለም።

ከቀብሩ በኋላ፣ ውሃው በሌላ ፓምፕ ተመጥጦ ሲያልቅ፣ ኤሌክትሪሺያኑ ሄዶ ሳጥኑን ከፈተ። ፈጪዎቹን አስነሥቶ፣ ቁልፉን በሰው አስጭኖ ለካ። ሃያ አራቱ ኮንታክተሩ ጋ ሲደርስ አሥራ ስድስት ሆኗል። መቶ አስሩን ባይነካው ኖሮ ይይዝ ነበር። መለኪያውን እንደያዘ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

የማውጫው ባለቤት «የእግዜር ሥራ ነው» ብሎ አሰናበተው። እሱ ግን በቀጥታ እህቱ ቤት ሄደ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አላት።

«አውቃለሁ» አለች፣ የልጇን ልብስ እያጠፈች። «ለኔ ብለህ እንደሆነም አውቃለሁ። እና ምን ላድርግህ?»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ሥራ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ «በስንት ቮልት ታደርገዋለህ?» ሲለው መለኪያውን ያነሣና መልሶ ያስቀምጠዋል። ዝቅ ቢያደርገው ሰው ይሞታል፣ ከፍ ቢያደርገውም ሰው ይሞታል። የጀመራቸውን ሳጥኖች ሳይጨርስ መለሰ፤ ሱቁንም ዘጋ።

አንድ ቀን እህቱን ሊጠይቅ ሲገባ የማድቤቷ መብራት ተቃጥሎ አገኘ። ልማድ ሆኖበት ወንበር ስቦ ሊወጣበት እግሩን አነሣ።

«ተው፣ አንተ አትንካው» አለችው ቀስ ብላ። «ሰው ጠርቻለሁ።»

ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ። የተጠራው ሠራተኛ የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ ሲገባ፣ መንገድ ለቀቀለትና ወጣ።