ኮፈኑን የሚዳስሱ እጆች

አጎታችን አሮጌ መኪና ሊያዩ ሲሄዱ መጀመሪያ የሞተሩን ኮፈን በመዳፋቸው ይዳስሱ ነበር። ከሞቀ ዋጋውን እንኳ አይጠይቁም። «አሙቆ የጠበቀን ሰው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ የሚያወጣውን ጭስ ሊደብቅብን ነው። እንዲህ ያለ መኪና በኩፖን የምንቀዳውን ቤንዚን ይጨርስብናል። አብሽሩ፣ ሌላ ይገኛል» ብለው ይመለሳሉ። እኔ ችኩሏ፣ ምን ዓይነት እልኸኛ ሽማግሌ ናቸው እያልኩ እበሳጭ ነበር።

አጎታችን ሞተው አርባቸው ከወጣ በኋላ፣ ወንድሜ ያለ የሌለ ገንዘቡን ይዞ፣ መካነ ሰላም ገበያ ዳር የቆመ ላንድሮቨር ሊገዛ ወሰደኝ። ኮፈኑን ነካሁት፤ ይፋጃል።

«ማለዳ ውሃ ላመጣበት ወጥቼ ነው፣ እቴ» አለ ሻጩ።

ወንድሜ አጎታችን ይቆሙበት ወደነበረው ወደ ግራ ጎማው ዞር አለ። ማንም የለም።

«እንሂድ» አልኩት።

ሁለታችንም ያቺን «አብሽሩ» እየጠበቅን ቤት ደረስን።