ከግማሽ ሜትር በታች

ትናንት ቤተ ሙከራ ውስጥ መምህራችን የአንድ ጎርፍ ስሌት ውጤት ሰጥተው ወደ ምስል እንድንቀይረው አዘዙን። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ካርታዋ ላይ የተበተነውን ፈዛዛ ሰማያዊ ነጠብጣብ እያየች፣ «ይህን ቆሻሻ እንዴት ነው የማጠፋው?» አለችኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። ግን የድሮ ጎረቤታችን ሐጂ ዑመር ትዝ አሉኝ።

እሳቸው ጎረቤታችን ሳሉ ሊሴ፣ ማለትም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን፣ ልጨርስ ተቃርቤ ነበር። የምንኖረው አምቡሊ የሚባል ሰፈር፣ ዝናብ ሲጥል ብቻ ከሚሞላው ደረቅ ወንዝ አጠገብ ነው። ወንድሜ ጀማል ለመመረቂያ ጽሑፉ፣ ከባድ ዝናብ ቢጥል ውሃው የት የት እንደሚደርስ በኮምፒውተር ያሰላ ነበር። ስሌቱ የሚያወጣው ምስል ሳይሆን በቁጥር የታጨቁ ፋይሎች ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር የአንድ ቦታ የውሃ ጥልቀት። ፋይሎቹን ሥዕል የሚሠራው ፕሮግራም ወደሚያነበው ዓይነት መቀየርና ቀለም መስጠት የእኔ ሥራ ሆነ። ሙቀቱ ገና አልበረደም ነበር። ማራገቢያው ሥር ተቀምጬ፣ ጎረቤታችን ሐጂ ዑመር የሚልኩልንን ሳምቡሳ እየበላሁ እሠራለሁ።

የመጀመሪያው ምስል አስቀያሚ ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ ኩፍኝ የወጣበት ይመስላል። ወንድሜን ደስ ይበለው ብዬ ከግማሽ ሜትር በታች ያለው ውሃ እንዳይታይ አደረግሁ። ካርታው ጠራ። ጀማል «አሁን ገና ሰው የሚያየው ነገር ሆነ» አለ። ምን እንደደበቅሁ አልጠየቀም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ሐጂ ዑመር ከድሬዳዋ ጨርቅ እያስመጡ ይነግዳሉ። አባታቸው ሐረር ሳሉ በእጃቸው እየጻፉ የገለበጧቸውን መጻሕፍት በሣጥን አድርገው ወለሉ ላይ አኑረዋል። ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ሣጥኑን ካርቲየ 6 የተባለው ሰፈር ወደምትኖረው ልጃቸው ሊወስዱ አሰቡና፣ መጀመሪያ እኛ ዘንድ መጡ።

«እስቲ የእኔን ቤት አሳዪኝ፣ ልጄ።»

«ነጭ ነው፣ ሐጂ። ውሃ አይደርስበትም።»

ኮምፒውተሩ እንዲህ ካለ ሣጥኑ እዚያው እንደሚቆይ፣ ወገባቸውም መሸከም እንደማይወድ ነግረውኝ፣ እየሳቁ ሄዱ።

ዝናቡ በማግስቱ መጣ። ቤታቸው የገባው ውሃ ከጉልበት አላለፈም። ለሣጥኑ ግን በቃው።

ፀሐይ ስትወጣ የመጻሕፍቱን ቅጠሎች ልብስ ማድረቂያ ገመድ ላይ ሲያሰጡ አገኘኋቸው። ጥቁሩና ቀዩ ቀለም ተቀላቅሎ ፈሷል፤ አንድም መስመር አይነበብም። አጠገባቸው ቆሜ ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ቁጥሩ እዚያ ነበር?»

«ነበር፣ ሐጂ።»

ቅጠሉን በመዳፋቸው ሲያቃኑ ቆዩ። «አባቴ ሲገለብጡ አንዲት ነጥብ አይዘሉም ነበር» አሉ። ቀጣዩንም ቅጠል ገመዱ ላይ ሰቀሉ።

በዚያው ዓመት ወደ ድሬዳዋ ተመለሱ። ሳምቡሳው እስኪሄዱ ድረስ አልተቋረጠብንም፤ ስለ ካርታ ግን ዳግመኛ አልጠየቁኝም።

ትናንት ለልጅቷ «አታጥፊው» አልኳት። መምህራችን እየዞሩ ሲያዩ የእኔም ምስል እንዳልጠራ ነገሩኝ። ሰው ማስደሰት አሁንም እወዳለሁ፤ እጄ ሊያስተካክለው ቃጣው። «ጉልበት ድረስ የሚመጣው ውሃ ነው፣ መምህር» አልኩና ተውኩት። የሐጂን አባት አይቻቸው አላውቅም። ፋይል በቀየርኩ ቁጥር ግን ከኋላዬ ቆመው ነጥቦቹን የሚቆጥሩ ይመስለኛል።