ኤልያስ ሰባት ቀን ሲቆጥር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሩቲ ቁልፍ ሰጠችኝና ሦስት ሕግ ነገረችኝ። በር በኃይል አይዘጋም። ከሰው ጀርባ ድንገት አይመጣም። «ምን ሆነህ ነው?» ተብሎ አይጠየቅም። ሦስቱም ቤቴ ውስጥ በየቀኑ የማደርጋቸው ናቸው።

«ታዲያ ምን ቀረኝ?» አልኳት።

«ሸክላው» አለችኝ።

ቤቱ እስራኤል አገር፣ ናታንያ ከተማ፣ ሺኩን ቫቲኪም የሚባለው ሰፈር ጥግ ላይ ነው። ውጊያ ውስጥ ገብተው የወጡ፣ እንቅልፍ ያጡ፣ ከሰው የሸሹ ወታደሮች ቀን ቀን ይመጡበታል። ሩቲ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፤ ኃላፊዋም እሷው ነች። ከእሷ በታች ሐኪሞቹ፣ ከእነሱ በታች የሙዚቃና የእንጨት ሥራ መምህራን፣ ከሁሉም በታች «የሸክላ ክፍል ረዳት» የምባለው እኔ ነበርኩ። የሸክላ መምህሯ በወሩ ለወሊድ ወጥታ አልተመለሰችም። እኔ ግን ረዳት እንደተባልኩ ቀረሁ። ማንን እንደምረዳ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ፤ የሚመልስ ጠፋ። በአራተኛው በሩ ላይ ያለውን «ረዳት» የሚል ቃል በጭቃ ለቀለቅሁት። ሩቲ አይታ ሳቀች። በማግስቱ «መምህርት ትርንጎ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ኡልፓን የሚሉት የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት ገብቼ ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ፣ ደህና አድርጌ ያነበብኩት የመጀመሪያው ወረቀት እሱ ነው ብል አላጋነንኩም።

እናቴ ጎንደር ገጠር ውስጥ ሸክላ ሠሪ ነበረች። እዚያ እኛን ቤተ እስራኤሎቹን ለዚህ ሥራችን ቡዳ ይሉን ነበር። እዚህ ደግሞ አንድ ጎብኚ መጥቶ «አርቲስት ነሽ» አለኝ። ሁለቱንም አልወደድኩትም። ሸክላ ሠሪ ነኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ጭቃው በሽቦ ይቆረጣል፤ ከዚያ አየር እስኪወጣለት ድረስ ይታሻል። የተሰበረ ሸክላ፣ ማለት ገል፣ ተወቅጦና ተነፍቶ ይገባበታል፤ እሳት ሲነካው እንዳይሰነጠቅ። ከዚያ በእጅ ይጠቀለላል፣ ይደራረባል፣ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል። ሳይደርቅ ምድጃ አይገባም። ገሉን ስናስወቅጥ ሩቲ ደብተሯን አውጥታ፣ «ስብራቱ አዲሱን ያጠነክረዋል ማለት ነው፤ ለሰዎቹ ይህን ንገሪያቸው» አለችኝ።

«ገል ገል ነው፣ ሩቲ። ሰው እየወቀጥሁ አላስገባም» አልኳት። ደብተሩን ዘጋችው።

በሁለተኛው ወር አንድ ትልቅ ስህተት ሠራሁ። የሻውልን ድስት ሳይደርቅ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ሻውል ስድሳ ዓመት ያለፈው የድሮ ታንከኛ ነው፤ ወሬው ከእጁ ይፈጥናል፣ ጭቃውንም በደንብ አላሸውም ነበር። ምድጃው ጋለና ድስቱ «ዷ!» ብሎ ፈነዳ። ቀና ስል ክፍሉ ውስጥ አንድም ሰው የለም። ሁሉም ወለል ላይ ናቸው። አንዱ ጠረጴዛ ሥር፣ አንዱ ከማጠቢያው ኋላ፣ ሻውል ደግሞ ከአፈሩ ጆንያ ጀርባ።

ተነሡ ልላቸው አልኩና አፈርኩ። እኔ አስተኝቻቸው እኔው ቆሜ ልዘዛቸው? ቀሚሴን ሰብስቤ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።  ከዚያ ልነሣ ብል ጉልበቴ እምቢ አለ። ሦስት ሆነው አነሡኝ።

ሻውል ልብሱን እያራገፈ፣ «አርባ ዓመት ሙሉ የጠላት ጦር ያላደረገውን በእኔ ድስት አደረግሽው» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ምድጃው ሲበራ በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቀላል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬም አለ።

ኤልያስ የመጣው በሁለተኛው ዓመቴ ነው። የእኛው ልጅ ነው፤ እዚሁ አገር የተወለደ፣ ኪርያት ሀሻሮን ሰፈር ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ የሚኖር፣ ሃያ ስምንት ዓመት የሆነው ትዳር ያለው ሰው። ጦሩ ውስጥ የቁስለኛ ሕክምና ረዳት ነበር። ቆዳው ድረስ የሚጣበቅ የሐኪም ጓንት አድርጎ ጭቃው ፊት ተቀመጠ።

«ጓንቱን አውልቅ እንጂ፣ ጭቃው ስለማይታወቅህ ግድግዳው ይወፍራል» አልኩት።

«እማማ፣ እጄ ቆሻሻ ነው።»

«ጭቃን ምን ታቆሽሸዋለህ?» ብዬ ሳቅሁ። ሌሎቹም ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ተነሥቶ ታጠበ፣ ጓንት ቀየረ፣ እንደገና ታጠበ። በማግስቱ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። 

በእሱ ፈንታ ሚስቱ ሲጋል መጣች፤ ሕፃን ታቅፋለች። «አራት ወሯ ነው፤ አባቷ አንድም ቀን ይዟት አያውቅም» አለችኝ። «ጡጦዋን በትራስ ደግፎ ያጠጣታል። በቀን አርባ ጊዜ ይታጠባል፤ ቆዳው ተልጧል። ከዳስ በዓሉ በኋላ እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቀዋለሁ፤ ካልሆነ ልጄን ይዤ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ። እጠላዋለሁ ማለቴ አይደለም፤ ደክሞኛል።»

የሆነውን ነገረችኝ። ከሁለት ዓመት በፊት በነበረው ጦርነት ኦሪ የሚባል ጓደኛው እጁ ላይ ሞተ። ሬሳውን ተሸክሞ ያወጣው ኤልያስ ነው። በሳምንቱ ልብሱን መለሰ፣ አውቶቡስ ተሳፈረ፣ ቤቱ ገባ።

ይህ አናደደኝ። ወደዚያ ሲያስገቡት ስንት ወር አሠለጠኑት። ሲያስወጡት አንድ አውቶቡስ። ይህ ፍርድ ነው?

ሩቲ ቢሮ ገባሁ። በሩን በኃይል አልዘጋሁትም፤ ግን አሰብኩት።

«ኤልያስን ምን እያልሽ ነው የምታክሚው?»

«እጁ ንጹሕ እንደሆነ እንዲያይ ቀስ በቀስ እናለማምደዋለን።»

«ንጹሕ አይደለማ! ሬሳ ነክቷል። እሱም ያውቃል። አንቺ ምንም የለብህም ስትዪው ወይ ዕውር ነች ወይ ትዋሻለች ይላል።»

ብዕሯን አስቀመጠች። እኔም አስረዳኋት። በአገራችን ሬሳ የነካ ሰው ከመንደር ወጥቶ ሰባት ቀን ለብቻው ይቀመጣል። ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ሙት ቀብሮ መልካም የሠራ ነው። ምግቡን ድንጋይ ላይ ያኖሩለታል፣ ከሩቅ ያጫውቱታል፣ አይነኩትም። ጎረቤቶቻችን በዚህ በዚህ «አትንኩኝ» የሚል ስም አውጥተውልን ነበር። በሦስተኛው ቀን ቄስ ውኃ ያፈሱበታል። በሰባተኛው ልብሱን ያጥባል፣ ወንዝ ይወርዳል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባል። ከዚያ አለቀ፤ ማንም አያነሣበትም።

ሩቲ ሞኝ አይደለችም። «ትርንጎ፣ የእሱ በሽታ መታጠብ ነው። አንቺ ደግሞ ሌላ መታጠብ ልትጨምሪበት ነው» አለችኝ።

«አርባ ጊዜ የሚታጠበው ለምን ይመስልሻል? የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው።»

ብዕሯን አንሥታ ደብተሯ ላይ ጻፈች። በኋላ፣ «መጀመሪያ እሱ ራሱ ይጠየቅ። ሚስቱም ትወቅ። እኔም በየቀኑ እመጣለሁ» አለች። ይህ ፍትሐዊ ነው፤ ተስማማሁ።

ቄሳችን ዘንድ ሄድኩ። «ከነካ ስንት ጊዜ ሆነው?» አሉኝ።

«ሁለት ዓመት፣ አባ።»

«እንግዲያስ ሁለት ዓመት ሙሉ ውጭ ነው ያለው። ሰባቱን ቆጥሮ ይግባ። ግን በበዓሉ ውስጥ አይሆንም፤ የደስታ ቀን ነው። ከበዓሉ በኋላ።»

ኤልያስን ያገኘሁት ፎቁ ሥር ነው። መጀመሪያ ስለሳቄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያ ነገሩን ስነግረው እጁን ኪሱ ከቶ አዳመጠኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ «እውነት ነክተሃል ነው የምትዪኝ?»

«ነክተሃል።»

እንባው መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚያምነው ሰው አላገኘም ነበር።

ራማት የዲዲም ሰፈር ከምኖርበት ሕንፃ ጀርባ ለዳስ በዓል የሠራነው ዳስ ቆሞ ነበር። በዓሉ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ዳሱን አፈረሰ፤ እኔ አላፈረስኩም። ኤልያስ ፍራሹን ይዞ ገባ። በማግስቱ የሕንፃው ኮሚቴ ኃላፊ መጣ።

«ትርንጎ፣ በዓሉ አልፏል።»

«የእኔ እንግዳ ገና አልጨረሰም።»

«ማነው? ስንት ቀን ይቆያል?»

«ወታደር ነው። ሰባት ቀን። ስምንተኛው ቀን ብታገኘው እኔን አፍርሰኝ።»

ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ሐብሐብ ቆርጦ አምጥቶ ከሩቅ ሣሩ ላይ አኖረ።

ደንቡ ቀላል ነው። ለምግብና ለጸሎት ይታጠባል፤ ለፍርሃቱ አይታጠብም። የጓሮውን ቧንቧ እጀታ ነቅዬ ሽርጤ ውስጥ ከተትኩት። ሩቲ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ወንበር ላይ ተቀምጣ ከሩቅ ታወራዋለች። ከሰዓት በኋላ ሻውል ይመጣል። ሼሽ ቤሽ የተባለውን፣ ዳይስ እየጣሉ ጠጠር የሚያስኬዱበትን ጨዋታ ይጫወታሉ፤ መነካካት ስለሌለ ግን ሁለት ሰሌዳ ነው የያዙት። አምስት ርምጃ ተራርቀው እያንዳንዱ በራሱ ሰሌዳ ይጥልና የወጣለትን ይጮኻል።

«ስድስት ስድስት!» ይላል ሻውል።

«እንደገና? አራተኛህ ነው!»

«እግዚአብሔር ታንከኛ ይወዳል።»

«እማማ፣ ሄደሽ እዪልኝ!»

ሄጄ አየሁ። አንድና ሁለት ነበር። «ስድስት ስድስት ነው» አልኩ፤ ኤልያስ እንዲያ ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም ነበርና ደስ ብሎኝ ነው። ለፍትሕ እንደቆምኩ የምናገር ሴት ይህን መጻፌ ያሳፍረኛል፤ ግን ሆኗል።

በሦስተኛው ቀን ቄሱ መጥተው ውኃ አፈሰሱለት። በአራተኛው ቀን በቀትር ከዳሱ ወጥቶ ቧንቧው ዘንድ ቆመ።

«እማማ፣ እጀታውን ስጭኝ።»

«ሦስት ቀን ይቀርሃል።»

«እጄ እየነደደ ነው! አንቺ ምን ገባሽ? አሮጊት!»

«አሮጊትስ ነኝ። አልሰጥህም።»

«አብዳለሁ!»

«እበድ። የትም አልሄድም፤ እዚሁ ነኝ።»

ሰደበኝ። በዕብራይስጥ ስለሆነ ግማሹ አልገባኝም። ሲደክመው ሣሩ ላይ ቁጭ አለና ስለ ኦሪ ነገረኝ። ኦሪ ቀልደኛ እንደነበረ፣ ካልሲው ሁልጊዜ ለየቅል እንደነበረ፣ በመጨረሻም «እናቴ እንዳትሰማ» ብሎ እንደለመነው። ደሙን ለማቆም በሁለት እጁ ተጭኖ እንደቆየና ከሞተ በኋላም እጁን ለማንሣት እንደፈራ። አዳመጥኩ። እጄ ሊነካው ይሄድብኝ ነበር፤ ሽርጤ ውስጥ ከእጀታው ጋር አስሬ ያዝኩት።

በሰባተኛው ቀን ወደ ባሕሩ ወረድን። እኔ፣ ሩቲ፣ ሻውል፣ ቄሱ። ሲጋል ልጅቷን ታቅፋ አሸዋው ላይ ቆመች። ኤልያስ ከነልብሱ ገባ። ማዕበሉ ደረቱ ድረስ ሲደርስ ሦስት ጊዜ ጠለቀ። ሲወጣ ወደ ልጁ አንድ ርምጃ ሄዶ ቆመና ወደ ሰማይ አየ። ፀሐይዋ ገና ውኃው ላይ ናት።

«ምን ያህል ይቀራታል?» አለ።

«በኃላፊዋ ፈቃድ እኮ ቶሎ ልትገባ ትችላለች» አለ ሻውል ወደ ሩቲ እያየ። ሩቲ ሳቋን አልቻለችውም። እኔ ግን ዓይኔን ከሲጋል አላነሣሁም። ካልያዛትስ? ቢሸሽስ? ሲጋል ሻንጣዋን እንዳዘጋጀች አውቅ ነበር።

ፀሐይዋ ውኃው ውስጥ ገባች። ቄሱ «ግባ ልጄ፤ አለቀ» አሉት።

ሲጋል ልጅቷን ሰጠችው። ባዶ እጁን ዘርግቶ ተቀበላት። ከነእርጥብ ልብሱ ደረቱ ላይ አስጠጋት። ልጅቷ አየችው፣ አፍንጫውን ያዘች፤ ከዚያም ሸናችበት። ክንዱ ላይ፣ እጁ ላይ፣ እስከ ክርኑ ድረስ።

 ኤልያስ እጁን አየ። ወደ እኔ ዞረ።

«እማማ፣ ለዚህኛውስ ስንት ቀን ነው?»

«ለዚህኛው ሳሙና ይበቃል» አልኩት።

ሲጋል አልሄደችም። ኤልያስም ወዲያው ሌላ ሰው ሆነ አልልም። ርችት ሲተኮስ ዛሬም ግድግዳ ይፈልጋል፤ ሩቲ ዘንድ ሦስት ዓመት ተመላልሷል። እጁን ግን እንደ ሰው ይታጠባል። ሻውል ለእኔም ይሁን ብሎ ዳሱ ውስጥ ሁለት ቀን ተኛና ወገቡን ታሞ ሚስቱ ዘንድ ተመለሰ፤ ለሁሉም አይሆንም ማለት ነው።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡት ከእኔ የሚቀረው ይህ ነው። ሰው ቆሽሻለሁ ሲላችሁ አልቆሸሽክም አትበሉት። እመኑት፤ ከዚያም መቼ እንደሚያልቅ ንገሩት።