ሊቆረጥ የነበረው አቶም

ስዕል ማለት ለእኔ ትእዛዝ ነው። አንዱ ጎረቤቱ ያሠራውን በር በስልኩ አንስቶ ይመጣና እንዲህ አድርገህ ሥራልኝ ይላል፤ እሠራለሁ። ስዕሉ ካለ ዕቃውም የሆነ ቦታ ቆሟል ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አሰላ ላይ ብረት ስበይድ ይህን የሚያፈርስ ነገር አልገጠመኝም።

ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር የአቶም ስዕል አምጥቶ ለግቢያችን ሥራልን ሲለኝ ምንም አልጠየቅኩም። መሀሉን ከመኪና ኩሽኔታ በወጡ ኳሶች አጥብቄ በየድኩት። ፌሮ አጥፌ ቀለበት በቀለበት ላይ አዞርኩበት፤ በየቀለበቱም አንዳንድ ትንሽ ኳስ አስቀመጥኩ። እነዚያ ኤሌክትሮኖቹ ናቸው፣ መሀሉን ሲዞሩ የሚኖሩት። ከሠራሁት ብረት ሁሉ ሌባ ለመከልከል ያልተሠራው እሱ ብቻ ነው። የግቢው ዘበኛ የሰፈሬ ሰው ነውና ከዚያን ቀን ጀምሮ «የአቶም አባት» ይለኛል። ሲያላግጥ ነው፤ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

አምና ክረምት ያው ዘበኛ መበየጃ ቤቴ ድረስ መጣ። ግቢው ሊታደስ ነው፣ አዲሷ የፊዚክስ አስተማሪ ያንተ አቶም ልክ አይደለም ብላለች፣ ርእሰ መምህሩም እንዲያ ከሆነ ይቆረጥ ብሏል አለኝ። በኦሮምኛ ደግሞ ጨመረበት፤ ልጅህን ቆራሌው በኪሎ ይወስድልሃል ማለቱ ነው።

ተሳስተሃል መባል ለእኔ ብርቅ አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የጎልማሶች ክፍል ነው። ከዚያ በፊት በየቢሮው መስኮት፣ በየባንኩ፣ የሚያነብ ሁሉ ተሳስተሃል ሲለኝ ኖሯል። እውነቱን ይሁን ውሸቱን በምን ላውቅ? አሁን ግን አነባለሁ። ለመጣላት ሄድኩ።

አስተማሪዋ በዕድሜ ልጄ ብትሆን አያስገርምም። የተሰጠኝን ስዕል ነው የሠራሁት፣ የተሳሳተው ያየውን አጣሞ የሳለው ሰው ነው አልኳት። ሳትቆጣ ቤተ መጻሕፍት ወሰደችኝና አንድ አሮጌ የአማርኛ የሳይንስ መጽሐፍ ከፈተችልኝ።

«ጋሼ፣ የሳሉት ሰዎች እኮ አላዩትም» አለችኝ። «ምን ሊመስል እንደሚችል አስበው ነው የሳሉት።»

የተታለልኩ መሰለኝ። ያልታየ ነገር ሥራ ተብዬ በየድኩ ማለት ነው። ተቀምጬ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። መጀመሪያ አቶም የማይከፈል ድፍን እንክብል ነው ብለው ነበር። ኋላ ውስጡ ኤሌክትሮን ተገኘና ዘቢብ እንደተበተነበት ዳቦ ነው አሉ። እንዲህ ያለ ዳቦ በልቼ አላውቅም፤ ቆሎ የገባበት ጭኮ ነው ብዬ አለፍኩት። ቀጥሎ እንደ ቅጠል የሳሳ ወርቅ ላይ ከአቶም ያነሰ ነገር ተኮሱ። አብዛኛው ሰንጥቆ አለፈ፣ ጥቂቱ ነጥሮ ተመለሰ። መሀሉ ጠጣር፣ ዙሪያው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ የእኔ ቀለበቶች መጡ፤ መጽሐፉም እዚያው ያበቃል።

የቀረውን እሷ ነገረችኝ። ኤሌክትሮኑ በተሰመረለት መንገድ አይሄድም፤ እዚህ ወይም እዚያ ሊገኝ ይችላል ከማለት በቀር ቦታው ተቆርጦ አይታወቅም፤ የዛሬው ስዕል ደመና ነው። በመስኮቱ የጭላሎ ተራራ ጉም ለብሶ ይታያል። እሷ አላሳየችኝም፣ ራሴ አየሁት።

ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጥኩ። እንክብሉ አለ። ዳቦውም አለ። የቀደዳቸው የለም።

«ስህተት ከሆኑ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አልኳት።

«የፊተኛው ባይኖር የኋለኛው አይመጣማ። እኔም ልጆቹን የማስጀምረው በቀለበቱ ነው። ደግሞ ይቆረጥ አላልኩም፣ ጋሼ። የድሮ ነው ብቻ ነው ያልኩት።»

ከሰፈር ጀምሮ ተሸክሜው የመጣሁት ጠብ እዚያው ወንበር ላይ ቀረ። አብረን ርእሰ መምህሩ ዘንድ ገባን። የተናገረችው እሷ ናት፤ የእኔ ሥራ አፌን መያዝ ነበር፣ እሱም ቀላል አልነበረም። ሰውዬው ሰምቶ ይቁም አለ፤ ግን ልጆች እንዳይሳሳቱ ጽሑፍ ይኑርበት።

የጽሑፉን ሥራ ለማንም አልሰጠሁም። ቀጭን ብረት ፊደል በፊደል አጥፌ ላሜራ ላይ በየድኩ፤ «አቶም በአንድ ዘመን እንዲህ ይታሰብ ነበር።»

ስሰቅለው ዘበኛው መሰላሉን ያዘልኝ። ቀና ብሎ አነበበና «አሁንስ እንዴት ነው የሚታሰበው?» አለኝ።

«አሁን ብረት አይይዘውም።»

«በል ተገላገልክ» አለ።